ከመካከል ስለ መቁጠር

ሰው የማያውቀውን ነገር ለማወቅ ሲል ሌላውን ሰው መሞከሪያ ሊያደርገው ይገባዋልን? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ አይገባውም ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን መድኀኒት ሁሉ ከመታወቁ በፊት አንድ ቀን ያልታወቀ ነበረ። ባልታወቀበት ቀን የዋጠው ወይም የተወጋው ሰው ባይኖር ኖሮ፥ ዛሬ በሐኪም ቤት ደጅ የምንቆም ሁሉ ባዶ እጃችንን በተመለስን ነበር። እንግዲህ ነገሩ መሞከር ይገባልን ከማለት አልፎ፥ በስንት ሰው? እስከ መቼስ? ወደሚለው ይወርዳል። ሒሳብና ሥነ ምግባር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን ሒሳቡን ለሒሳብ ዐዋቂ፥ ሥነ ምግባሩን ለቄስና ለሼኽ ትቶ ይሄዳል።

ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣም። ከወሎ፥ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ጎልማሶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ መውረዳቸው የቆየ ነገር ነው፤ የቢስቲማ አንባቢም እንዲህ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ሳይኖረው አይቀርም። በዚያ ቆላ፥ በጥቁሩ መሬት ስንጥቅ ውስጥ የምታድር አንዲት ትንሽ የአሸዋ ዝንብ አለች። ንክሻዋ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ደም ያንሳል፤ ሥጋ ያልቃል፤ ካልታከሙትም ሞት አይቀርለትም ማለት ይቻላል። የቆየው መድኀኒት ሠላሳ ቀን በየቀኑ የሚወጉት፥ ልብን ሊጎዳ የሚችል የአንቲሞኒ መርፌ ነበረ። በኋላ አምቢዞም የተባለ፥ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኀኒት መጣ። በሕንድ አገር በቢሃር ተሠርቶ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2010 በታተመው ጥናት፥ 304 በሽተኞች ይህን መድኀኒት በኪሎ 10 ሚሊግራም ሒሳብ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቷቸው ከመቶ 95.7 ያህሉ ድነዋል። አንድ ጊዜ ብቻ! የዕለት ደመወዙን ትቶ አልጋ ላይ ለሚተኛ የቀን ሠራተኛ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ ተስፋ ወደ ጎንደር፥ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ሱዳን ተሻገረ። በሽተኞቹ በዕጣ ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በኪሎ 3 ሚሊግራም ሰባት ጊዜ፥ በድምሩ 21 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ሁለተኛው ወገን በአንድ ጊዜ 7.5 ብቻ ይወስዳል፤ ይህ ያነሰ እንደ ሆነ መጠኑ ከፍ ይላል። ከየወገኑ የ20 በሽተኞች ውጤት በታወቀ ቁጥር ቆም ተብሎ እንዲቆጠር ሥራው ሳይጀመር ተጻፈ። መጠኑም ከ7.5 ወደ 10 ከፍ አለ። በሦስተኛው ቆጠራ ሥራው እንዲቆም ተወሰነ። በ2014 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፤ ሰባት ጊዜ ከወሰዱት 63 ሰዎች ከመቶ 85 ያህሉ፥ በአንድ ጊዜ 10 ከወሰዱት 40 ሰዎች ከመቶ 58 ያህሉ፥ በአንድ ጊዜ 7.5 ከወሰዱት 21 ሰዎች ከመቶ 40 ያህሉ ብቻ ፈጽመው ዳኑ። የሕንዱ መድኀኒት ያው ነው፤ የእኛ አገር ካላዛር ግን ያው አልነበረም። ሰባት ጊዜ የተሰጠውም ቢሆን የሚያረካ ሆኖ አልተገኘም።

አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጣ ይመጣበት ይሆናል። አንደኛው፥ ስለምን አስቀድሞ አልቆመም? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በ124 ሰው ብቻ እንዴት ይፈረዳል? የሚል ነው። ሁለቱም ቁጣዎች ተገቢ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን ይጣላሉ።

ፊተኛውን እንይ። ሁለት ሰዎች ገበጣ ይጫወታሉ እንበል፤ ችሎታቸውም እኩል ነው። ነገር ግን አንደኛው፥ ጨዋታው ያበቃል የምለው እኔ ነኝ ቢል፥ ቀድሞ በተገኘበት ሰዓት ተነሥቶ ይሄዳል፤ አሸነፍሁም ይላል። አላታለለም፤ ጠጠሩንም አልሰረቀም፤ መጨረሻውን ብቻ መረጠ። በየጊዜው እያየ ደስ ባለው ቀን የሚያቆም መርማሪም እንዲሁ ነው። ልዩነት በሌለበት ልዩነት አለ ብሎ የመሳሳቱ ዕድል አንድ ጊዜ ብቻ ቢቆጥር ከመቶ 5 እንዲሆን ቢወስን፥ በዚያው መስፈሪያ ሁለት ጊዜ ሲቆጥር ወደ 8፥ አምስት ጊዜ ሲቆጥር ወደ 14፥ ዐሥር ጊዜ ሲቆጥር ወደ 19 ይወጣል። ቅን ሰው ሆኖ ሳለ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል።

ሁለተኛው ቁጣ ስለ ኃይል ነው፤ የሒሳብ ሰዎች ኃይል የሚሉት፥ ልዩነት በእውነት ሲኖር ያንን ልዩነት የማየት ዕድል ነው። ከመቶ 80 ዕድል ይኑረን ብለን ብናሰላ፥ አንዱ መድኀኒት ከመቶ 85፥ ሌላው ከመቶ 40 የሚያድን እንደ ሆነ ከየወገኑ 15 ሰው ያህል ይበቃል። ሌላው ከመቶ 60 የሚያድን እንደ ሆነ 47 ያህል ያስፈልጋል። ሌላው ከመቶ 80 የሚያድን ቢሆን ግን ከየወገኑ 900 ያህል ይፈለጋል። ትልቅ ልዩነት ራሱን በጥቂት ሰው ያሳያል፤ ትንሹ ልዩነት ብዙ ሰው ይጠይቃል። በ20 ሰው ላይ 85ንና 60ን ለመለየት የሚነሣ ሰው ከግማሽ ያነሰ ዕድል ይዞ ነው የሚነሣው። እኔ ይህን ከግድ የለሽነት አሳንሼ አላየውም። ማንንም አልገደለም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የበሽተኛውን እምነት ተቀብሎ በምትኩ ምንም እንደማይመልስ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ወይም ሊያውቅ ይገባው ነበር።

እነዚህን ሁለት ግዴታዎች ለማስታረቅ ብዙ ሊቃውንት ደክመዋል። እንግሊዛዊው ፖኮክ በ1977፥ አምስት ጊዜ የሚቆጥር ሰው በእያንዳንዱ ቆጠራ ከመቶ 5 ይልቅ ወደ 1.6 የጠበቀ መስፈሪያ ይያዝ አለ። አሜሪካውያኑ ኦብራየንና ፍሌሚንግ በ1979፥ በመጀመሪያው ቆጠራ መስፈሪያው እጅግ የጠበቀ ይሁን፥ እየቆየ ይላላ አሉ። ዋጋ አለው፤ ያው ኃይል እንዳይጎድል፥ ሥራው እስከ መጨረሻው የሄደ እንደ ሆነ በፖኮክ መንገድ ከመቶ 20 ጥቂት በለጥ የሚል፥ በሁለተኛው መንገድ ከመቶ 3 ገደማ ተጨማሪ ሰው ይፈለጋል። ልዩነቱ በእውነት ትልቅ ሲሆን ግን ሥራው ቶሎ ስለሚቆም በአማካይ የሚደክመው በሽተኛ ያንሳል። እኔ የኋለኛውን እመርጣለሁ፤ ሽማግሌም የአንደኛውን ወገን ቃል ሰምቶ ወዲያው አይፈርድምና። ደግሞም በደስታ ቶሎ የቆመ ሥራ የመድኀኒቱን ጥቅም አጋንኖ ማሳየቱ የታወቀ ነው።

ይሁን እንጂ ደስታና ጉዳት በአንድ ሚዛን አይለኩም። መድኀኒቱ ይጠቅማል ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ይጠበቅ፤ ለበሽተኛው አይበቃውም ለማለት ግን ያን ያህል መጠበቅ አይገባም። አሥራ አምስት ሰው ሳይድን ካየን በኋላ ለቁጥሩ ማማር ሲባል ሌላ አሥራ አምስት የምንጨምር ከሆነ፥ ሒሳብን ጣዖት አደረግነው።

አንድ የሚከብድ ነገር ይቀራል። በሽተኛው ለሐኪሙ፥ «ለወንድምህ ቢሆን የትኛውን ትሰጠው ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል? ዕጣ መጣል የሚፈቀደው ሐኪሙ በእውነት አላውቅም ሊል በሚችልበት ሰዓት ብቻ ነው። ቆጠራውን በየቀኑ የሚያይ ሐኪም ይህን ቃል ሳይዋሽ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ቆጠራውን የሚያዩት ሌሎች እንዲሆኑ ተደርጓል፤ ከሚያክመው የተለየ ጉባኤ ተሰብስቦ፥ መዝገቡን ገልጦ፥ ቀጥሉ ወይም አቁሙ ብቻ ይላል። አንዳንድ ሰው ይህን ሐኪምን ማሳወር ነው ይለዋል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ቢሆንም ሁሉ የታወረ አይደለም፤ የሚያየው ሰው የማቆም ሥልጣን አለው፤ የማያየውም ዐውቆ አይዋሽም።

ነገር ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቆጠራ መካከል ገብቶ ዕጣው ለአንድ ጊዜ የደረሰበት ሠራተኛ፥ መዝገቡ ያዘነበለበትን ወገን እርሱም ሐኪሙም ሳያውቁ መርፌውን ተቀበለ። ጉባኤው ግን የሁለተኛውን ቆጠራ አይቶ ነበር፤ ቀጥሉ ያለውም ገና አልተረጋገጠም ብሎ ነው። ያ ሰው ያን ቀን በመተማ መንገድ ለሚመጣው ለማያውቀው አጫጅ ሲል አደጋ ተሸከመ። ፈቃዱን ሲሰጥ ይህ እንዲህ ተብሎ በቋንቋው፥ በመጠኑ፥ ሳይሸፈን ተነግሮት እንደ ሆነ፥ ያደረገው ስጦታ ነው። ካልተነገረው ግን የተወሰደበት ነው፤ ያን ጊዜ የሒሳቡ ትክክልነት ለእርሱ ምንም አይመልስለትም።