የሕፃን ዘማሪ ድምፅና የሰሚ ዕዳ

በውጭ አገር የሚኖሩ አንድ አባት ስለ ሴት ልጃቸው የጻፉልን ደብዳቤ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኖናል። እርሳቸው በሚኖሩበት አገር የጌታ ልደት ዲሴምበር 25 ቀን የሚከበር ስለ ሆነ፥ እኛ በጾመ ነቢያት ሳለን በዚያ በየሱቁና በየአደባባዩ የልደት ዜማ ይሰማል። ልጅቷ የ11 ዓመት ልጅ ናት። የአንዲት ወጣት ዘማሪትን የልደት አልበም ሰምታ እጅግ ወደደችው፤ የራሷም ድምፅ መልካም ነውና እንደዚያች ለመዘመር ትለማመድ ጀመር። የሙዚቃ መምህሯም ለአባቷ «ይህች ልጅ መድረክ ይገባታል» ብለው ነገሯቸው። እንግዲህ አባትየው የሚጠይቁን፦ «ስለ ጌታ ልደት የተደረሰውን መዝሙር ሕፃን ልጅ በመድረክ ብትዘምረው፥ በአልበምም ታትሞ ቢሸጥ፥ ነገሩ ምስጋና ነውን ወይስ ንግድ?» ብለው ነው።

ጥያቄው ከቅን ልብ የወጣ ነው። ነገር ግን ስለ ዘማሪዋ ብቻ ተጠይቆ ስለ ሰሚው ዝም መባሉ ጐደሎ አድርጎታል። ዘማሪ ባለበት ሰሚ አለ፤ ሰሚውም በነገሩ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ድርሻውም ከዘማሪዋ ድርሻ የሚያንስ አይመስለንም።

ነገሩን በደፈናው ከመናገር ይልቅ በታወቀ ምሳሌ ብንመለከተው ይሻላል። ቻርሎት ቸርች በብሪታንያ፥ በዌልስ ክፍል፥ በካርዲፍ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 ተወለደች። በ1997፥ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለች፥ በቴሌቪዥን ለሚተላለፍ ዝግጅት በስልክ ዘምራ ተሰማች። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ አልበሟ ወጣ፤ ስሙም «የመልአክ ድምፅ» ተባለ። በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሳይሆን በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ገዛው። በሮማው ፓፓ በዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ፊት፥ በንግሥት ኤልሳቤጥም ፊት ዘመረች። በ2000 ደግሞ፥ 14 ዓመት በሆናት ጊዜ፥ በትልቅ ኦርኬስትራ ታጅባ የልደት መዝሙሮችን የያዘውን «ድሪም ኤ ድሪም» የተባለውን አልበም አወጣች። ለእኛ የጻፉት አባት ልጅ የሰማችው ይህንኑ ነው።

እኛም ሰምተነዋል፤ አልሰማንም ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የሕፃንነት ቀላልነት ገና አልተለየውም፤ ሆኖም በልዩ ትምህርት የሠለጠነ መሆኑ ይታወቃል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ቢሰማው ልቡ ይነካል። ይህ መነካት መልካም ነው ወይስ ክፉ? ጥያቄው አዲስ አይደለም።

የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ በ10ኛው ክፍል ይህንኑ ነገር በራሱ ላይ መርምሮታል። ከሚዘመረው ነገር ይልቅ የዘማሪው ድምፅ ልቡን በሚነካው ጊዜ ኀጢአት እንደ ሠራ ይቈጥረዋል፤ በዚያም ጊዜ ባልሰማሁት ኖሮ እስከ ማለት ይደርሳል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ መዝሙረ ዳዊትን የሚያነበው ሰው ድምፁን ከፍና ዝቅ ከማድረግ እንዲቈጠብ፥ ከዜማ ይልቅ ለንባብ እንዲቀርብ ያደርግ ነበር ሲባል መስማቱንም ያነሣል። (ይህ አትናቴዎስ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን አባት ነው፤ ሆኖም ከዚያው መንበር ጳጳስ ስትቀበል የኖረችው ቤተ ክርስቲያናችን ኋላ በዜማ እንዲህ መበልጸጓን ስናስብ ያስደንቀናል።) ነገር ግን አውግስጢኖስ በዚህ አያበቃም። ወደ ሃይማኖት በተመለሰበት ወራት የቤተ ክርስቲያንን ዝማሬ ሰምቶ ያፈሰሰውን እንባ አስታውሶ፥ ዜማ ለደካማ ልብ ድጋፍ ነውና ይኑር ወደ ማለቱ ያዘነብላል።

እኛም በዚህ ከእርሱ ጋር እንስማማለን። ይሁን እንጂ አውግስጢኖስ የፈራው ለሰሚው ነፍስ ነው፤ ሰሚው በዜማው ተማርኮ እግዚአብሔርን እንዳይረሳ ነው። ሌላ አደጋ ግን አለ፤ ይኸውም ሰሚው በዜማው ተማርኮ ዘማሪውን እንዳይረሳ ነው። «እንዴት? ሰሚ የሚያደንቀውን ዘማሪ ይረሳልን?» የሚል ቢኖር የቅዱስ ያሬድን ገድል ያስታውስ።

ሁላችን የምናውቀው ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ስንተርከው ኖረናል። ማኅሌታዊው ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ ከዜማው ጣዕም የተነሣ ልቡ ተመሥጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙም ፈሰሰ። ያሬድ በተመስጦ ውስጥ ነበርና ዝማሬውን እስኪፈጽም አልታወቀውም። ይህን ስንናገር የምናደንቀው የያሬድን ተመስጦ ነው፤ ማድነቃችንም የተገባ ነው። ንጉሡን ግን እንመልከተው። ዜማውን እንደ እርሱ የወደደ ማን ነበር? ከያሬድ ፊት ያልተለየ፥ ጆሮውን ከድምፁ ያላነሣ እርሱ ነው። ደሙን ያፈሰሰው ጦርም በእርሱ እጅ የነበረው ጦር ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ ዐይኑ አላየም እንጂ። በድምፁ ተይዞ እግሩን አላየም።

ወደ ካርዲፏ ልጅ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 በለንደን የጋዜጦችን አሠራር ለመመርመር በተሰየመው፥ ዳኛ ሌቭሰን በመሩት ጉባኤ ፊት ቀርባ ቃሏን ሰጠች። ያን ጊዜ 25 ዓመቷ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፎቶግራፍ አንሺዎች እንዴት እንዳሳደዷት፥ የቤተ ሰቧ ገመና እንዴት ለጋዜጣ ሽያጭ እንደ ዋለ ተናገረች። 16 ዓመት የሚሞላትን ቀን እየቈጠረ፥ የቀረውን ጊዜ ለሕዝብ የሚያሳይ ገጽ በኢንተርኔት ተከፍቶ እንደ ነበርም ነገረቻቸው፤ ለምን ዓላማ እንደ ተቈጠረ መናገሩ ለእኛ ያሳፍረናል፤ አስተዋይ ያስተውለዋል። በ1999፥ የ13 ዓመት ልጅ ሳለች፥ በአንድ ታላቅ የጋዜጦች ባለቤት ሠርግ ላይ እንድትዘምር በተጠራች ጊዜ፥ 100,000 ፓውንድ ከመቀበልና ከጋዜጦቹ በጎ ወሬ ከማግኘት አንዱን እንድትመርጥ እንደ ተነገራት፥ አማካሪዎቿም ገንዘቡን እንድትተው እንደ መከሯት ገለጸች። ባለሠርጉ ወገን ይህን ክዷል፤ እኛም በዚህ ላይ ፍርድ አንሰጥም። ስለ ስልኳ መጠለፍ ያቀረበችው ክስ ግን በ2012 ወጪዋን ጨምሮ 600,000 ፓውንድ ተከፍሏት በስምምነት አልቋል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ይህች ልጅ «የመልአክ ድምፅ» የተባለችው ናት። በየቤቱ በልደት ዋዜማ ድምፅዋ ሲሰማ ሰዎች እንባቸውን ጠርገዋል። እነዚያው ሰዎች በማግሥቱ ገመናዋን የያዘውን ጋዜጣ ገዝተው አንብበዋል። አንባቢ ባይኖር ጋዜጣው አይታተምም ነበርና፥ ጦሩ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አልነበረም።

«መልአክ» የሚለውም ስም ራሱ ያሳስበናል። መልአክ አይራብም፥ አይደክምም፥ አያድግም፤ ድምፁም አይለወጥም። ሕፃንን መልአክ ብሎ የሚጠራ ሰው ሳያውቀው እንዳታድግ ይፈርድባታል። ቸርች በ2005 የለመዱትን ዜማ ትታ በዘመኑ ዘፈን የተዘጋጀ አልበም ባወጣች ጊዜ ስንቱ ተነቅፎባት እንደ ነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ነቀፋው ስለ ዘፈኑ ጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ነገር ግን የተቈጡት ሕፃን ሆና ስላልቀረች ነበር። የተሰጣት ስጦታ የእርሷ መሆኑ ቀርቶ የእነርሱ ንብረት ሆኖባቸው ነበርና።

ዐፄ ገብረ መስቀል እንዲህ አላደረገም። ዝማሬው ተፈጽሞ ደሙን ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ጦሩን ነቀለ፤ ስለ ፈሰሰውም ደም ካሣ የሚሻውን ሁሉ እንዲለምነው ነገረው። ያሬድም እንዳይከለክለው አስቀድሞ በመሐላ ካጸናው በኋላ ወርቅም ሹመትም አልለመነም፤ ከፊቱ እንዲሄድ፥ በምንኵስና እንዲኖር እንዲፈቅድለት ለመነ። ንጉሡ አዘነ፤ ያን ድምፅ ዳግመኛ እንደማይሰማ ዐውቋልና። ቢሆንም ስለ መሐላው ለቀቀው። ሰሚ ለዘማሪ ያለበት ዕዳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ተጽፏል ብለን እናምናለን፤ ይኸውም ማድነቅ አይደለም፤ ቍስሉን ማየት፥ ልሂድ ሲልም መልቀቅ ነው።

በዚህ ስፍራ አንዳንዶች፦ «ለገበያ የተሠራ ዝማሬ ከመነሻው ቅዱስ አይደለም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከዚያ ነው» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። እንደዚህ ባሉት የልደት አልበሞች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው «ኦ ሆሊ ናይት» የተባለው መዝሙር በ1847 ዜማው ሲወጣለት፥ ግጥሙን የጻፈው በፈረንሳይ አገር የወይን ጠጅ ነጋዴ የነበረው ፕላሲድ ካፖ ነው፤ ዜማውን ያወጣው ደግሞ «ጂዜል» በተባለው የባሌት ሙዚቃ የታወቀው አዶልፍ አዳም ነው። አንዱ ከገበያ፥ ሁለተኛው ከቴአትር ቤት ናቸው። እንዲያም ሆኖ በመዝሙሩ ስንት ሰው ተጽናንቶበታል! መልካም ነገር ከየት እንደሚወጣ እኛ አንወስንም።

ሌሎች ደግሞ ወደ እኛ መልሰው፦ «የእናንተስ ሕፃናት ዲያቆናት በቅዳሴ ላይ ያዜሙ የለምን?» ይሉናል። አዎን፥ ያዜማሉ። በሕፃን ዲያቆን አፍ የተባለ ምስባክ ስንቱን ሽማግሌ አስለቅሷል። ነገር ግን በዚያ ማንም አያጨበጭብለትም፤ ስሙም በግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ድምፁ በጐረመሰ ጊዜ ሌላ ሕፃን በስፍራው ይቆማል፤ እርሱም ወደሚቀጥለው ትምህርት ያልፋል እንጂ የወደቀ ሰው አይባልም። ሥርዐቱ ልጁን ከድምፁ ለይቶ ያውቀዋል።

ይህን ያልነው ግን ራሳችንን ለማመስገን አይደለም። በዘመናችን የእኛም ሕፃናት መዝሙር በምስል ተቀርጾ በዩቲዩብ ይለቀቃል፤ ስንት ሰው እንዳየውም በየቀኑ ይቈጠራል። ልጁ ሲሳሳት ቀረጻው ይደገማል፤ ሲደክመው ይቈጡታል፤ ሲያለቅስም «መንፈስ ቅዱስ ነክቶት ነው» ተብሎ እንባው ጭምር ይቀረጻል። ይህን የሚያደርጉት ክፉዎች አይደሉም፤ ልጃቸውንም መዝሙሩንም የሚወዱ ናቸው። የጥንቱም ንጉሥ ወዳጅ ነበር።

የጌታ ልደት ዝማሬ በምድር ላይ መጀመሪያ የተሰማው ከእውነተኞቹ መላእክት ነው። የሰሙትም እረኞች ናቸው። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚተርክልን እረኞቹ ዝማሬው ይደገምልን ብለው አልጠየቁም፤ ስለ ድምፁም ማማር ሲነጋገሩ አልተገኙም። መላእክቱ ወደ ሰማይ በወጡ ጊዜ ዝም ብለው ለቀቋቸው፤ እነርሱም ወደ ቤተ ልሔም ፈጥነው ሄዱ። በዚያም ያገኙት በጨርቅ የተጠቀለለ፥ ብርድና ርኃብ የሚያገኘው፥ ጠባቂ የሚያስፈልገው ሕፃን ነው። ብዙ ሳይቈይም ሄሮድስ ፈለገውና እናቱና ዮሴፍ ይዘውት ወደ ግብፅ ሸሹ። የልደት መዝሙር ሁሉ የሚናገረው ስለዚህ ሕፃን ነው። እንግዲህ ይህን መዝሙር በሕፃን አፍ እየሰማ፥ በፊቱ የቆመችው ሕፃን ጠባቂ ያላት መሆኑንና አለመሆኑን የማይጠይቅ ሰው ወደ ቤተ ልሔም የሚወስደውን መንገድ ስቷል።

በአሁኑ ጊዜ ቻርሎት ቸርች ልጆች የወለደች ሴት ናት። አልበሙ ግን ዛሬም በዲሴምበር ወር ይሰማል፤ በእርሱም ውስጥ የምትዘምረው ሁልጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ናት። ድምፅን በዕቃ ቀርጾ ማስቀረት በያሬድ ዘመን ያልነበረ ነገር ስለ ሆነ፥ ንጉሡ ያሬድን ሲለቅ ድምፁንም አብሮ መልቀቅ ነበረበት። የዛሬ ሰሚ ግን ድምፁን በእጁ ይዞ ይቀራልና ዘማሪዋን መልቀቅ ከዚያ ይልቅ ሊቀለው ይገባ ነበር።

ለጻፉልን አባት ልጅዎ እንዳትዘምር አንከለክልም ብለን መልሰንላቸዋል። ከሌሎች ልጆች ጋር በማኅበር ሆና ብትዘምር እንደሚሻል፥ አልበም ለማሳተምም እንዳይቸኵሉ ጨምረን ጽፈናል። ከዚያም አንድ ጥያቄ በእኛ በኩል ጠየቅናቸው፦ «ልጅዎ አንድ ቀን ‹ዛሬ አልዘምርም› ብላዎት ታውቃለችን? ባለችዎትስ ጊዜ ምን መለሱላት?» መልሳቸው ገና አልደረሰንም።