ሲሾም ያልበላ በእርግጥ ይቆጨዋል?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል ብዙዎቻችን ለሌብነት የተሰጠ ፈቃድ አድርገን እንሰማዋለን። እኔ ግን ተረቱ መነገር የጀመረው ስለ ሌብነት አልነበረም ባይ ነኝ። የወጣበትን ሥርዓት ለማሰብ ጎረቤላ ጥሩ ቦታ ናት።

ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ደጋው ወደ ቆላው በሚቆረጥበት አፋፍ ላይ ያለች የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። ከሣህለ ሥላሴ እስከ ምኒልክ የሸዋ ነገሥታት የተቀመጡበት የቤተ መንግሥት ኮረብታ ከዚሁ አጠገብ ነው፤ ከታች በቆላው ደግሞ የሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት የአልዩ አምባ ገበያ አለ። በዚያ ዘመን ሹም ደመወዝ አልነበረውም። ንጉሡ አገር ይሰጡታል፤ እሱም ከገባሩ እህሉን፣ ማሩን፣ ጉልበቱን ወስዶ ወታደሩን ያበላል፣ ለላይኛው ይገብራል፣ የተረፈው የራሱ ነው። ሹም ሽር የዕለት ወሬ ነበር። ዛሬ የተሾመው ነገ በአንድ ቃል ይነሣል፤ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ሥርዓት መብላት የሥራ ዋጋ ነበርና፣ በጊዜው ጎተራውን ያልሞላ ሰው ሲሻር ቢቆጨው አያስገርምም። ተረቱ ያየውን ተናግሯል።

ያላየው ግን ገባሩን ነው። የተበላው እህል የማን እንደሆነ፣ አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር እንደገና እህሉ የሚበላበት ማን እንደሆነ አንድም ቃል የለበትም። ቁጭቱም የተሿሚው ብቻ ነው።

ይህን ሥርዓት ሊለውጡ ከተነሡት አንዱ የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በተጉለት፣ ሰያደብር ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ከራስ መኰንን ጋር ዐድዋን አይተው፣ ሩሲያ ሄደው መድፈኝነት ተማሩ። በጅጅጋ፣ ኋላም ከ1915 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጨርጨር ሲሾሙ የያዙት ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ግብሩ ይታወቅ፣ አስተዳደሩ በደንብ ይመራ፣ ሹሙ ከገባሩ እጅ ሳይሆን ከመንግሥት ይደጎም። አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ ጨርጨርም ለሌላው አገር አርአያ እንዲሆን የታሰበ ግዛት ነበር።  ተክለ ሐዋርያት የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟግተዋል። ከዚያ በኋላ ስደት መጣ። ከስደት ሲመለሱም ወደ ሥልጣን አልተመለሱም፤ ሂርና ላይ በእርሻ ኖሩ፤ ከሞቱ በኋላ የታተመውን «የሕይወቴ ታሪክ» ትተውልናል። በልባቸው ምን እንደቆጫቸው እሳቸው ያውቃሉ። እኛ ዛሬ ስማቸውን የምናነሣው ግን በሠሩትና በጻፉት ነው፤ ስንት ጋሻ መሬት ያዙ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ዛሬ የወረዳ አስተዳዳሪ ደመወዝ አለው፣ ጡረታም አለው። እንግዲህ ተረቱ መሞት ነበረበት። አልሞተም። የኑሮ ውድነቱ ደመወዙን እንደሚበላው አልክድም፤ መንግሥትም ይህን ካላስተካከለ ንጹሕ ሠራተኛ መጠየቁ ድፍረት ነው። ግን ተረቱን በሕይወት ያቆየነው ይበልጡን እኛው ነን። ሰው ሲሾም ዘመድ ተሰብስቦ «አሁን ነው ጊዜህ» ይለዋል። በሥልጣን ላይ ቤት ሳይሠራ የወረደውን «ሞኝ» ብለን፣ ሠርቶ የወረደውን «ጎበዝ» ብለን ለልጆቻችን እናሳያለን። ከቆላው ዳገት ወጥቶ ጎረቤላ ጽሕፈት ቤት በር ላይ «ነገ ና» የሚባለው ገበሬ የሚከፍለው የዚህን ፍርዳችን ዋጋ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በሰፈርህ አንድ ሹም ባዶ እጁን ሲወርድ ብታይ «ምን ይዞ ወጣ?» ብለህ አትጠይቅ። ቤቱ ሂድ፤ በክብር ተቀበለው፤ በዕድርህና በሽምግልናህ የፊቱን ወንበር ስጠው። ልጅህም ይህን ይይ።