ለሙታን ቃል ስለ ማበደር

በሕይወት ያለ ሰው በፍርድ ሸንጎ ራሱ ቆሞ ይከራከራል፤ መቆም ባይችል ነገረ ፈጅ ይወክላል፤ ነገረ ፈጁም ከተወከለበት ቃል ቢወጣ ባለጉዳዩ «ይህን አላልሁም» ብሎ ይመልሰዋል። የሞተ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም፤ ሊወክልም ሊቃወምም አይችልም። እንግዲህ አንድ ደራሲ ብዕሩን አንሥቶ ከመቶ ዓመት በፊት ላለፈ ሰው ያላሰበውን ቢያሳስበው፥ ያልተናገረውንም ቢያናግረው፥ ይህ ሥራ የተፈቀደ ነውን? የታሪክ ልብ ወለድ የሚባለው ድርሰት ሁሉ የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነውና፥ ጥያቄው ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለአሳታሚውም ለአንባቢውም የሚገባ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ቶሎ ብሎ «አልተፈቀደም» የሚል ሰው በልቅሶ ቤት ያለውን ልማድ ያስታውስ። አልቃሽ ስትቆም በሟቹ አንደበት ትናገራለች፤ ልጆቹን ሲሰናበት፥ ወዳጁንም ሲወቅስ ታሰማለች። ከለቀስተኛው መካከል ግን «ይህን መቼ ተናገረ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። በኦሮሞ ዘንድ ጌራርሳ ሲዜም ሰሚው ዜማውን በዜማነቱ ይቀበለዋል። የቅኔ ተማሪም ሰሙ ሰም መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል። ዛሬም ቢሆን በራሱ ገንዘብ ጥቂት ቅጂ የሚያሳትም አንድ ወጣት ገጣሚ በአፄ ቴዎድሮስ አንደበት ቢናገር የሚሳሳት አንባቢ አይገኝም፤ ቤት መምታቱ ራሱ ቃሉ የገጣሚው እንደ ሆነ ይመሰክራልና። ስለዚህ ለሙታን ቃል ማበደር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግጥም ብድሩን በግልጥ ይበደራል።

ስድ ንባብ ግን ይህ ምልክት የለውም። የታሪክ ልብ ወለድ ከታሪክ ጸሐፊው ልብስ ይዋሳል፤ ዓመተ ምሕረቱን፥ የአገሩን ስም፥ የጦር አለቃውን ማዕርግ ይለብሳል፤ አንባቢውም የትኛው ከሰነድ፥ የትኛው ከደራሲው ልብ እንደ ወጣ ለመለየት ይቸገራል። ነቢዩ ናታን በንጉሡ በዳዊት ፊት ቀርቦ የባለጸጋውንና የድኻውን በግ ነገር ሲነግረው፥ ዳዊት የተፈጸመ ነገር መስሎት ተቆጣ፥ ፈረደም። ናታን በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ንጉሡ በሌለ ሰው ላይ ቁጣውን ይዞ ይቀር ነበር፤ ምናልባትም ብዙ በግ ያለውን ጎረቤት ሁሉ ይጠረጥር ነበር። ነቢዩ ግን ወዲያው ምሳሌውን ፈታው፤ ቁጣውም ወደሚገባው ቦታ ተመለሰ። የፈጠራ ነገር እውነትን ያገለገለው ተናጋሪው ስለ ገለጠው ነው።

በአማርኛ ድርሰት ይህ ነገር በመልካም ሁኔታ የተፈጸመበት ስፍራ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን መግደላቸው በወዳጅም በጠላትም ተጽፏል። ከዚህ በኋላ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳተሙ፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ስለ እኚሁ ንጉሥ ተውኔት ጻፉ። የአንዱ ቴዎድሮስ የሌላውን አይመስልም። ሁለቱን ያነበበ ሰው ያነበበው ንጉሡን ሳይሆን ደራሲዎቹ ያዩትን ንጉሥ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳል። እንዲሁም አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት መገደላቸው የታወቀ ነው፤ መኰንን እንዳልካቸውና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በየተውኔታቸው ለጳጳሱ የሰጧቸው ቃላት የባለቅኔዎቹ ቢሆኑም፥ ሞታቸውን ግን ማንም ልብ ወለድ ነው አይልም። መሠረቱ አስቀድሞ ስለ ተጣለ በላዩ የታነጸው ግንብ አላናወጠውም።

መሠረቱ ገና ሳይጣል ግንቡ የቆመበት ጊዜስ ምን ይሆናል? ለዚህ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ምስክር አለው። የምኒልክ ጦር በ1882 እና በ1886 መካከል፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ በአርሲ ላይ ደጋግሞ ዘመተ፤ የኋለኛው ዘመቻ መሪ ራስ ዳርጌ ነበሩ፤ በ1886 በአዙሌ በተደረገው ጦርነትም ብዙ አርሲዎች እንዳለቁ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከዚህም ጋር በአኖሌ የወንዶች እጅ፥ የሴቶችም ጡት ተቆረጠ የሚል ትዝታ በአርሲ ሽማግሌዎች አፍ ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቷል። በቢሾፍቱ የተወለደው ተስፋዬ ገብረ አብ፥ በ2014 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ያረፈው ደራሲ፥ በ1992 ዓ.ም. «የቡርቃ ዝምታ» የተባለውን የታሪክ ልብ ወለድ አሳተመ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በሔጦሳ ወረዳ ጡት የያዘ እጅ የሚያሳይ የአኖሌ ሐውልት ቆመ፤ ክርክሩም በረታ።

አንደኛው ወገን «ይህ ሁሉ ከልብ ወለድ የተቀዳ ነው፤ መጽሐፉም ሕዝብን ከሕዝብ ለማጋጨት የተጻፈ ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን «ትዝታው ከአባቶቻችን የወረስነው እንጂ ከመጽሐፍ ያገኘነው አይደለም» ብሎ መለሰ። በዚህ ጭቅጭቅ መካከል ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ጉዳት አለ። ሐዘኑ ከልብ ወለድ ጋር ስለ ተቀላቀለ፥ መስማት ያልፈለገ ሰው የሽማግሌውን ቃል ሳይመረምር «ይህማ የልብ ወለድ ወሬ ነው» ብሎ ለመዝጋት ምክንያት አገኘ። መቆጣት የፈለገም ሰው ደራሲው የጨመረውን ሁሉ እንደ አባቱ ቃል አድርጎ ያዘ። ፈጠራ ሳይለይ ከምስክርነት ጋር ሲቀላቀል አስቀድሞ የሚጎዳው የተከሰሰው ወገን አይደለም፤ እውነተኛው ኀዘንተኛ ነው። ምስክሩን ያጣል።

ለደራሲው ግን ቀላል ያልሆነ መከራከሪያ አለው። ድል ያደረገ ንጉሥ ዜና መዋዕሉን የሚጽፍለት ጸሐፊ ነበረው፤ ድል የሆነው የአርሲ ገበሬ ግን ከአፉ በቀር መዝገብ አልነበረውም። በወረቀት ያልሰፈረ ነገር አይነገር ከተባለ፥ የተሸነፈ ሁሉ ለዘላለም ዝም ይበል ማለት ነው። ይህ እውነተኛ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ነገር ሌላ ግዴታ ይወለዳል። ስለ ቴዎድሮስ የጻፈ ደራሲ ቢሳሳት ጎረቤቱ የጻፈው ያርመዋል፤ ሰነድም ያርመዋል። መዝገብ በሌለበት አገር የጻፈ ደራሲ ግን የሚያርመው የለምና፥ መብቱ በበዛበት በዚያው ስፍራ ኃላፊነቱም ይበዛል። ብቻውን የሚናገር ምስክር ቃሉን ከሁሉ አብልጦ ሊመዝን ይገባዋል።

ምን ቢደረግ ይሻላል? መጽሐፍ ማቃጠል ወይም መከልከል መልስ አይደለም፤ የተከለከለ ልብ ወለድ ከተፈቀደው ይልቅ ታሪክ ይመስላልና። መጀመሪያው ነገር ናታን እንዳደረገው መግለጥ ነው። መዓዛ መንግሥቴ በ2019፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ በአሜሪካ በታወቀው በኖርተን አሳታሚነት ስለ ጣልያን ወረራ ዘመን ሴት አርበኞች ያወጣችው ልብ ወለድ በመጨረሻው የደራሲዋ ቃል አለው፤ በዚያም ዘምታ የነበረችውን የቅድመ አያቷን ነገር በግልጥ ትናገራለች። አንባቢው የቤተ ሰቡ ትዝታ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ያያል፤ የድርሰቱም ውበት በዚህ አልጎደለም። ሁለት ገጽ የማይሞላ ቅን ቃል ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሁለተኛው ነገር ምስክሮችን ማብዛት ነው። በዚህ ረገድ ትናንሽ አሳታሚዎች የሚንቋቸው ሰዎች ከሚያስቡት ይልቅ ይጠቅማሉ። ትልቅ ማተሚያ ቤት ለመጽሐፍ ክብርንና ብዙ ቅጂን ይሰጠዋል፤ እውነተኛ ግን አያደርገውም። ትንሹም ስላነሰ ሐሰተኛ አይሆንም። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ዘፈኖች፥ ተረቶችና ታሪኮች ሰብስባ ነበር፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገብተው በ1894፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረችው አነስተኛ የሚሲዮን ማተሚያ ታተሙ። አስቴር የሕዝቡን ቃል በሕዝቡ ቋንቋ አኖረችው። በአሰላ፥ በሻሸመኔና በዝዋይ ያሉ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ሁሉ እንዲሁ በኦሮምኛና በአማርኛ በቃላቸው ቢጻፍና በትንሽ ማተሚያ እንኳ ቢወጣ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ልብ ወለድ የሚቆምበት መሠረትም የሚታረምበት መስፈሪያም ባገኘ ነበር።

አዳማ ራሷ ለዚህ ትምህርት ትሆናለች። አፄ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት ብለው ሰየሟት፤ በ2000፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ የቀድሞ ስሟ በሕግ ተመለሰላት። ዛሬ በባቡርም በመኪናም ወደ እርስዋ የሚመጣው መንገደኛ አንዱ አዳማ፥ አንዱ ናዝሬት ይላታል፤ ማንም ግን መንገድ አይስትም፤ ሁለቱም ስሞች ከየት እንደ መጡ ሰው ያውቃልና። ሁለት ትዝታዎችም ከየት እንደ መጡ እስከ ታወቀ ድረስ በአንድ ከተማ ሊያድሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ደራሲው ለሙታን ቃል ያበድር፤ ያለ እርሱ ብድር ብዙ ሙታን ድምፅ አያገኙምና። አሳታሚውም ብድሩን በመዝገብ ያስፍር፤ አንባቢውም መዝገቡን ይጠይቅ። ብድር አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው መካዱ ነው።