እጅ ማንሳትና እጅ መስጠት

ከሶዶ ተነስቶ የሁምቦን ቆላ አቋርጦ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ሰው አባያ ሐይቅን ያውቀዋል። ውሃው ሰማያዊ አይደለም። ከደጋው ታጥቦ የሚገባው ደለል ቀይ ቡናማ አድርጎታል፤ ውስጡ አይታይም። አዞና ጉማሬም አለበት። በዚህ አገር «እስቲ ለመዝናናት አቋርጠዋለሁ» ብሎ የሚገባበት ቢኖር ዘመዶቹ ጤንነቱን ይጠራጠራሉ።

በሌላው ዓለም ግን ሰዎች ገንዘብ ከፍለው፣ ወራት ለፍተው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚገቡበት ትራያትሎን የሚባል ውድድር አለ። ረዥሙ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1978 በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት ተጀመረ። 15 ሰዎች ተነስተው 12ቱ ጨረሱ። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ ቀጥሎ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በመጨረሻም ሙሉ ማራቶን፣ ሁሉም በአንድ ቀን! ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምናነሳው ስፖርቱን ለማወደስ አይደለም። በውሃው ላይ አንድ ደንብ ስላለ ነው፤ ደንቡም ለእኛ ለየብስ ሰዎች የሚነግረን ነገር አለው።

እስቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር አንድ ሰው በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። በመዋኛ ገንዳ ተለማምዷል። ገንዳው ግን ከሥሩ መስመር፣ ከጫፉ ግድግዳ ነበረው። አሁን ሁለቱም የሉም። ከፊቱ የሌላ ሰው እግር ይረግጠዋል፤ ከጎኑ የሌላ ሰው ክንድ ይመታዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካው ደረቱ ይጨመቃል፤ ትንፋሹ ከቁጥጥሩ ውጭ ይፈጥናል። ይህ የሰውነት ተፈጥሮ እንጂ ፈሪነት አይደለም። ተረጋግቶ በጀርባው ቢንሳፈፍ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና ሁለት ደቂቃ ይበርድለታል። እርሱ ግን ይህን አያስብም። የሚያስበው ዳር ላይ የቆሙትን ቤተሰቦቹንና ጓደኞቹን ነው። «ገና ሳይጀመር ቢወጣ ሰው ምን ይለዋል?»

ደንቡ እዚህ ላይ ይመጣል። የተጨነቀ ዋናተኛ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። በአካባቢው ያለ ታንኳ ይመጣለታል። ታንኳውን ይዞ ማረፍ ይችላል፤ ታንኳው ወደፊት እስካልጎተተው ድረስ በዚህ ምክንያት ከውድድሩ አይሰረዝም። ትንፋሹ ሲመለስ ለቆ ይዋኛል። ካልተመለሰም በሕይወት ወደ ዳር ይወጣል።

ታዲያ ይህ በር ክፍት ሆኖ ሳለ እጅ ማንሳት ለምን ይከብዳል? መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ይሉኝታ! እጅ ማንሳትን ከእጅ መስጠት ጋር አንድ አድርገን እናየዋለን። ሁለቱ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። እጅ የሰጠ ሰው ጉዳዩን ትቶታል፤ እጅ ያነሳ ሰው ግን ጉዳዩን ለመቀጠል ትንፋሽ እየጠየቀ ነው።

ውሃ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2016 በትራያትሎን ውድድሮች የደረሱ የሞትና የድንገተኛ ልብ መቆም አደጋዎችን ያጠኑ ሐኪሞች፣ ከ135ቱ 90ዎቹ በዋናው ክፍል መድረሳቸውን ጽፈዋል። የሚሰምጥ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ እንደምናስበው አይጮኽም፤ ለመጮኽ ትንፋሽ ያስፈልጋልና። እጅ የሚነሳው ገና አቅም ሳለ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከወላይታ፣ ከሃዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀምሯል? በሬ ተሽጦለታል፤ ዘመድ ተበድሮለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በማላዊ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ከአርባ በላይ ኢትዮጵያውያን ሰጠሙ። በ2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በታሸገ የጭነት መኪና 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በርግጥ ወጣቱን ከቤት የሚያወጣው ድህነት ነው፤ ይህን አንክድም። መንገዱ ሌላ ሆኖ ካገኘው በኋላ ግን «በሬው ተሽጦ እንዴት ባዶ እጄን እመለሳለሁ?» የሚያሰኘው ድህነት ብቻ አይደለም። ይህች ጥያቄ ከደላላው ገመድ የበለጠ ታስራለች። ኪሳራውን ከሚስቱ የሚደብቀው ነጋዴ፣ መውደቁን ከአባቱ የሚሸሽገው ተማሪም የታሰሩት በዚሁ ነው።

ነፍስ አማና ናት። ሸሪዓው ከሚጠብቃቸው አምስት መሠረታዊ ነገሮች አንዷም እርሷ ናት። በአደራ የተቀበልነውን ለሰው ወሬ ብለን የማጥፋት መብት ከየት አገኘን?

«ሁሉም በፈራ ቁጥር እጁን ካነሳ ማን ይጨርሳል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጽናት ትልቅ ነገር ነውና። ነገር ግን ደንቡ «ውጣ» አይልም፤ «እረፍ» ነው የሚለው። ታንኳ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታንኳው ሳያስፈልገው ይረጋጋል። ጽናት ማለት ትንፋሽን ማወቅ እንጂ ትንፋሽ አጥቶ መግፋት አይደለም።

ግን ታንኳው ከሌለስ? ጥፋቱን ሁሉ እጁን ባላነሳው ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ዳር የቆምነውም ድርሻ አለን። እ.ኤ.አ. በ2016 ዋናተኛችን ሮቤል ኪሮስ በሪዮ ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ሲወጣ የብዙዎች መሳለቂያ ሆነ፤ ከሳቁት መካከል ውሃ የማይነካ ስንት ሰው ነበር? እንዲህ የምንስቅ ከሆነ ማን በፊታችን እጁን ያነሳል?

ስለዚህ ከመንገድ የተመለሰ ልጅ በራችንን ሲያንኳኳ የመጀመሪያው ቃላችን «ገንዘቡስ?» አይሁን። «እንኳን በሰላም መጣህ» እንበለው። የበሬው ነገር ነገ ይወራል። ከመሞት መሰንበት ይባል የለ? የሰነበተ ሰው በሬ ይገዛል።