ስቅታ የያዘው ባለቅኔ

ስለ ፍቅር የሚሠሩትን አስቂኝ ፊልሞች መልሶ መሣቂያ የሚያደርግ ሌላ የፊልም ወገን መኖሩ፣ ላዩን ለተመለከተው ሰው ተራ ቧልት ሊመስለው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው በሚያፌዝበት ነገር ያምናልን ወይስ አያምንም የሚለው የቈየ ጥያቄ በዚያ ውስጥ ተሸሽጎ ስላገኘሁት፣ ጥቂት ላትትበት ወደድሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የወጣው የዴቪድ ዌይን ፊልም፣ «ዘይ ኬም ቱጌዘር»፣ ወንዱን የትልቅ ከረሜላ ኩባንያ ሰው፣ ሴቲቱን የአንዲት ትንሽ ከረሜላ ሱቅ ባለቤት አድርጎ ሲያጣላቸው፣ ኖራ ኤፍሮን በ1998 በ«ዩቭ ጎት ሜይል» ትልቁን የመጽሐፍ ነጋዴ ከትንሿ መጽሐፍ ሻጭ ጋር ያጣላችበትን እያስታወሰ መሆኑን ተመልካቹ ሳይነገረው ይረዳዋል። በኅሊናዬ የቀረው ግን አንድ የመጠጥ ቤት ትዕይንት ነው፤ ያዘነው ሰው ባንኮኒው ዘንድ ሲቀመጥ፣ ቀኑ እንደ ከፋበት አሳላፊው ይነግረዋል፣ እርሱም የተለመደውን ይመልሳል፣ አሳላፊውም የተለመደውን ይጨምራል፣ እንዲህ እያለ አንዱ ፈሊጥ ሌላውን እየጠራ ንግግሩ ወደ መነሻው ይመለስና እንደ ገና ይጀመራል፤ ሁለቱ ሰዎች እንደ አውድማ በሬ ሲዞሩ ተመልካቹ መጀመሪያ ይሥቃል፣ ቀጥሎ ይሰለቻል፣ ከዚያም መሰልቸቱ ራሱ ያሥቀዋል።

ታዲያ ቃል በመደጋገሙ ብቻ ባዶ ይሆናልን? እንዲህ እንዳልል የምትከለክለኝ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ምእመናን ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ሲሉ፣ ስንት እንደ ቀረ በጣታቸው ከሚቈጥሩት ሕፃናት በቀር (እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ)፣ ቃሉ ደከመ የሚል ሰው አላየሁም፤ በዚያ የሚለምን አለ፣ የሚለመንም አለና። በመጠጥ ቤቱ ግን ሁለቱም ይናገራሉ እንጂ አንዱም የሚሰማ የለም፤ ስለዚህ ስላቁ የወደቀው በፍቅር ላይ ሳይሆን አድማጭ ባጣ ንግግር ላይ ይመስለኛል።

ሬብል ዊልሰን በተጫወተችበት በ2019ኙ «ኢዝንት ኢት ሮማንቲክ» ደግሞ፣ የፍቅር ፊልም የምትንቅ አንዲት የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ራሷን ተመትታ ስትነቃ፣ ኒው ዮርክ መልካም መዓዛ በምትሸትበት፣ ስድብ ከአፏ ሲወጣ በሌላ ድምፅ በሚታፈንበት ዓለም ራሷን ታገኛለች፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ከነቀፈች በኋላም ፊልሙ በዘፈንና በጭፈራ ያልቃል። ይህን እንደ ሽንፈት የሚቈጥር ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን፣ ዜማውን የማያውቅ ሰው ዜማ ሊያበላሽ እንጂ በዜማ ሊቀልድ እንደማይችል ስለማውቅ፣ ያን ሁሉ ጉድለት በቃሏ የያዘች ሴት ከምእመናኑ ማኅበር ወጥታለች ብዬ አላምንም።

ነገሩም ጥንታዊ ነው። ፕላቶን «ሲምፖዚዮን» በተባለው መጽሐፉ፣ ክርስቶስ ከመወለዱ 416 ዓመት አስቀድሞ ባለቅኔው አጋቶን ድል ባደረገበት ሰሞን በአቴና በቤቱ ስለ ተደረገው ግብዣ ሲተርክ፣ ፍቅርን የማመስገን ተራ ከኮሜዲ ጸሐፊው ከአሪስቶፋኒስ በደረሰ ጊዜ ስቅታ እንደ ያዘውና ሐኪሙ ትንፋሽህን ያዝ፣ ተጕመጥመጥ፣ አለዚያም አነጥስ ብሎ እንደ መከረው ይነግረናል። ባለቅኔው አነጠሰና ስቅታው ሲተወው የተናገረው፣ ሰው በመጀመሪያ አራት እጅና አራት እግር ያለው ክብ ፍጡር እንደ ነበረ፣ ዜውስም እንቍላል በፀጕር እንደሚሰነጠቅ ለሁለት እንደ ሰነጠቀው፣ ከዚያ ወዲህም እያንዳንዱ ግማሹን ፍለጋ እንደሚዞር ነው። የፍቅር ፊልሞች ሁሉ የሚሰብኩት ይህ የግማሽ አካል ትምህርት ከቀልደኛ አፍ፣ በስቅታና በእንጥሻ ማግስት መውጣቱን ሳስብ፣ ስላቁ ከእምነቱ በኋላ የመጣ እንግዳ ሳይሆን አብሮት የተወለደ ወንድሙ ይመስለኛል።

ከተጋባዦቹ አንዱ የነበረው ሶቅራጥስም ዲዮቲማ ከምትባል ሴት ሰማሁ ብሎ፣ ፍቅር ግማሽንም ሆነ ሙሉን የሚሻው መልካም ሲሆን ብቻ እንደ ሆነ በመናገር ትምህርቱን ነቀፈበት። አሪስቶፋኒስ ሊመልስለት ሲል ግን የሰከረው አልኪቢያዴስ ከአጃቢዎቹ ጋር በሩን እየደበደበ ደረሰና መልሱ እዚያው ቀረ፤ ሊነጋጋ ሲልም፣ ሶቅራጥስ ኮሜዲንና ትራጄዲን የመጻፍ ጥበብ የአንድ ሰው ነው እያለ ሲከራከር፣ ከሁለቱ አድማጮቹ አስቀድሞ ያንቀላፋው ይኸው ስቅታ የያዘው ባለቅኔ ነበር።