ሥራው ለሰለቻችሁ ነርሶች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ብቅ የሚሉ ወጣት ነርሶች ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ አንድ ነገር ያነሣሉ። የደመወዙን ነገር ማለቴ አይደለም፤ እሱ በእኛም ዘመን ነበር፣ እውነትም ነው። «ሲስተር፣ አራት ዓመት ተምሬ ሙቀት ስለካ፣ መርፌ ስወጋ፣ ቻርት ስሞላ ልኖር ነው? ጭንቅላቴ ዛገ እኮ» ይሉኛል።

«አመስግኚ፣ ተመርቆ ሥራ ያጣ ስንት አለ» ብሎ አፍ ማስያዝ ቀላል ነው። እኔ አልለውም። ሥራው ሰለቸኝ የሚል ነርስ ቢያንስ አእምሮው አልተኛም። የሚያስፈራኝ፣ ሰልችቶት ሳለ መሰልቸቱን ያላወቀውና መድኃኒቱን ሳይሰጥ ቻርቱ ላይ ፈርሞ የሚያልፈው ነው። መሰልቸት ነውር የለበትም፤ ያልሰጡትን ሰጠሁ ብሎ መፈረም ግን ሰው ይገድላል።

በመጀመሪያ ድካምን ከመሰልቸት ለዩልኝ። ሌሊቱን ዱቲ አድራችሁ፣ በማግስቱ የቀረ ሰው ተክታችሁ ስትውሉ ሁሉም ነገር ያስጠላል። ያ ድካም ነው፤ መድኃኒቱም እንቅልፍና በቂ ሰው እንጂ ሌላ ሥልጠና አይደለም። ከዓመት ፈቃድ ስትመለሱ እዩት። አርፋችሁ ገብታችሁም፣ የጠዋቱን ርክክብ እየሰማችሁ ቀኑ እስከ ማታ ምን እንደሚመስል ቀድማችሁ የምታውቁት ከመሰላችሁ፣ እሱ መሰልቸት ነው።

ግን በእርግጥ ታውቁታላችሁ? እስኪ ነገ ስትገቡ የዋርዳችሁን ቻርቶች ሰብስቡና የትንፋሹን ዓምድ ብቻ ተመልከቱ። 20፣ 20፣ 22፣ 20። የሳንባ ምች የያዘውም፣ እግሩ የተሰበረውም፣ ነገ ወደ ቤቱ የሚሄደውም እኩል ይተነፍሳሉ! ቁጥሩ ደረት ታይቶ ሳይሆን በግምት እንደተጻፈ እኔም እናንተም እናውቃለን። ግፊቱን መሣሪያው ይነግረናል፣ ሙቀቱንም ቴርሞሜትሩ፤ ትንፋሽ ግን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ስለሚፈልግ ይዘለላል። የሕመምተኛው መክፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። እንግሊዞች እየከፋበት ያለውን ሰው ቀድሞ ለመለየት በሚጠቀሙበት የነጥብ አሰጣጥ፣ በደቂቃ 25 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ሕመምተኛ በዚያ ብቻ 3 ነጥብ ይያዝበታል፤ ለአንድ ምልክት ከዚያ የሚበልጥ ነጥብ የለም። ትናንት 18 የነበረው ዛሬ 26 ከሆነ፣ ግፊቱ 110 በ70 ላይ ቢቆምም፣ ኢንፌክሽኑ በሰውነቱ ተሰራጭቶ ይሆናል፤ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ከሆነም በውስጥ እየደማ ይሆናል። ይህን የሚደርስበት ጠዋት ለራውንድ አምስት ደቂቃ ቆሞ የሄደው ሐኪም አይደለም።

ማዋለጃ ክፍል ያላችሁም እንዲሁ። በእርግዝና በመጣ ግፊት ምክንያት ማግኒዥየም ሰልፌት የምትወስድ እናት፣ በየ4 ሰዓቱ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገር ይታይላታል፤ የጉልበቷ ሪፍሌክስ አለ ወይ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አላነሰም ወይ፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አላነሰም ወይ። ኩላሊቷ ማስወጣት ካቃተው መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ ይከማቻል፤ በመጀመሪያ ሪፍሌክሱ ይጠፋል፣ መጠኑ እየጨመረ ከሄደም ትንፋሿ ይቆማል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም ከአጠገቧ መራቅ የለበትም። በትንሽ መዶሻ ጉልበት መታ ማድረግ ተራ ሥራ የመሰለው ነርስ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለችውን ጊዜ የሚጠብቃት እሱ ብቻ መሆኑን ማንም አልነገረውም ማለት ነው።

ስለዚህ ለመልቀቅ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩልኝ። በየፈረቃው አንድ ሕመምተኛ ምረጡ። ሁሉንም አልልም፤ ሠላሳ ሰው ለሁለት ነርስ በተሰጠበት ዋርድ ሁሉንም ማለት ቀልድ ነው። ራውንድ ሳይጀመር ካርዱን አንብቡ፣ ሰውየውን እዩት፣ ዛሬ ምን ሊታዘዝለት እንደሚገባ ለራሳችሁ ወስኑ። ከዚያ ራውንዱን ተከተሉ። ሐኪሙ ያላሰባችሁትን ካዘዘ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆጣ ይኖራል፤ የሚቆጣው ብዙውን ጊዜ መልሱን የማያውቀው ነው።

ማታ ደግሞ ከአስታማሚው ጋር አውሩ። በእኛ አገር ሆስፒታል ከአስታማሚ የበለጠ ስለ ሕመምተኛው የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኛ ግን «ውጡ፣ ራውንድ ነው» ከማለት ሌላ የምንለው የለንም። ስኳር ያለባት እናት ነገ ወደ ገጠር ስትመለስ ኢንሱሊኗን የት ታስቀምጣለች? ፍሪጅ የለም። ውጪው በውኃ እየራሰ ጥላ ውስጥ የሚቀመጥ የሸክላ ዕቃ እንደሚያቀዘቅዝላት የነገራት አለ? ማን ይወጋታል? ፍስክ ነው ጾም ሳትል በሰዓቱ እንድትበላ የሚያሳምናት ማን ነው፣ እናንተ ወይስ የንስሐ አባቷ? ይህን ሁሉ ጨርሶ ያሰናበታት ነርስ ያን ቀን ጭንቅላቴ ዛገ አይልም።

የማሚቱ ጋሼን ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በምጥ ምክንያት ፊስቱላ ይዟት ከገጠር መጥታ፣ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አክመዋት፣ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ቀረች። አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ በኋላ ኦፕሬሽን ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል ያዘች፤ እያየች ተማረች። ትምህርት ቤት ያልገባችው ሴት የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና አዋቂ ሆና ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን አሠለጠነች። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። ይህን ታሪክ ለወጣት ነርስ የሚያወሩ አለቆች አልጋ ማንጠፏ ላይ መቆም ይወዳሉ። እኔ የማየው ሌላውን ነው። መሣሪያ ያስያዟት፣ ቆይተውም ምላጩን የሰጧት ሰዎች ነበሩ። ዓይኗ የቱንም ያህል ንቁ ቢሆን፣ በር የሚዘጋባት ክፍል ውስጥ ብትገባ ኖሮ አልጋ ስታነጥፍ ትኖር ነበር።

ለዚህ ነው አይታችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁት ዋርዱ ምንም ካልመለሰላችሁ ልቀቁት የምለው። ሙያውን ሳይሆን ዋርዱን። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገብታችሁ 900 ግራም ለምትመዝን ልጅ ጀንታማይሲን አስሉ እስኪ፤ ነጥቧ አንድ ቤት ብትንሸራተት ልጅቷ አሥር እጥፍ ወሰደች ማለት ነው። ዳያሊሲስ አለ፣ ጽኑ ሕሙማን አለ፣ ኦፕሬሽን ክፍል አለ፣ ሁሉም የሚሸሸው የአእምሮ ሕክምናም አለ፤ በእኔ ግምት ለሚያስብ ነርስ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በጨቅላ ሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና ማስተርስ መማርም ይቻላል። ስሙ አምሯችሁ ግን አትመዝገቡ። አስፈቅዳችሁ አንድ ሌሊት ከተረኞቹ ጋር እደሩና እዩት። የድንገተኛ ክፍል ሩጫም ሲደጋገም ይለመዳል።

ዓረብ አገር ስለምታስቡት ደግሞ በአጭሩ ልንገራችሁ። ለገንዘቡ ከሆነ ለገንዘቡ ብላችሁ ፕሮሜትሪኩን ተፈተኑና ሂዱ፤ ወላጅ የሚጦር፣ ወንድም የሚያስተምር ሰው ላይ ማን ይፈርዳል? ሥራው ስለሰለቸን ብላችሁ ግን አትሂዱ። ማሽኑ ይበዛል፣ ደንቡም ይጠብቃል። እዚህ በሰው እጥረት እናንተው የምትሠሩትን ብዙ ነገር እዚያ የሚሠራው ሌላ ነው፤ በትላልቆቹ ሆስፒታሎች ለትንፋሽ መሣሪያው እንኳ ራሱን የቻለ ባለሙያ አለው። ቻርቱ ግን ያው ቻርት ነው።

ዝውውር የምትጠይቁት ከዋርዱ ኃላፊ ጋር በተጣላችሁ ማግስት አይሁን፤ ኩርፊያ ይመስልባችኋል። የምትፈልጉትን ክፍል፣ ለምን እንደፈለጋችሁት፣ እስካሁን ምን እንደሠራችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። በእናንተ ቦታ ሊገባ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ካገኛችሁ ስሙን ጨምሩበት፤ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ማትሮኗ «ቆዩ፣ አሁን ሰው የለም» ማለቷ አይቀርም። አትከራከሯት፤ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥሩን ያዙ፣ ከሦስት ወር በኋላም ቁጥሩን ጠቅሳችሁ እንደገና ጻፉ።