ያልገባሽን «እሺ» አትበዪ

ልጄ፣ ብቻሽን በሞያሌ አድርገሽ ናይሮቢ ልትሄጂ መነሳትሽን እናትሽ ነገረችኝ። የነገረችኝ እንዳስቀርሽ ነው። አላስቀርሽም። እኔ በ1988 ዓ.ም. ልብስ ላመጣ በዚያው መንገድ ብቻዬን ስነሳ «ስዋሂሊ አታውቂ፣ እንግሊዝኛ አታውቂ፣ ምን ልትሆኚ ነው?» ያላለኝ አልነበረም። እውነታቸውን ነው፣ አላውቅም ነበር። በኋላ ግን ስንት ዓመት ስመላለስ ያከሰረኝ የማላውቀው ቋንቋ አይደለም፤ ያከሰረኝ «እሺ» ማለቴ ነው።

እኛ ዘንድ እሺ ማለት ጨዋነት ነው። ሰው ሲናገር ዝም ብሎ ማየት ያሳፍረናል፤ ገባንም አልገባንም እሺ፣ እሺ እያልን አንገታችንን እንነቀንቃለን። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበንም «አዎ» እንላለን። (ይህቺን ድንበር ማዶ ተያት፤ የደነገጥሽ ነው የሚመስላቸው።) በመጀመሪያው ጉዞዬ ድንበሩ ላይ መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ፓስፖርቴን ይዞ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ። እሺ አልኩ። ስንት ቀን እንደምቆይ መጠየቁ ኖሯል፤ ሰባት ቀን ጻፈልኝ። እኔ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ግማሽ ቀን ቆሜ ዋልኩ፣ ቅጣቴንም ከፈልኩ። ማንን እወቅሳለሁ? እሱ ጠይቋል፣ እኔም እሺ ብያለሁ።

ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ የምትይዢ ቢሆን «ሲኤሌዊ»ን ያዢ፤ በስዋሂሊ አልገባኝም ማለት ነው። ሳታፍሪ፣ ፊትሽንም ሳታጠቁሪ በዪው። ሁለተኛ ቃል ከጨመርሽ «አንዲካ» ይሁን፤ ጻፈው ማለት ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀብዪው፤ ዋጋውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጽፎ ይስጥሽ።

ሰዓት ላይ ግን ወረቀቱንም እንዳታምኚው። ናይሮቢ ላይ ወደ ኢሲዮሎ ከተማ የምመለስበትን ትኬት ስቆርጥ ሻጩ «ሳአ ታቱ» አለኝ። ታቱ ሦስት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እስከ አሥር መቁጠር ቀድሜ አጥንቻለሁ። ትኬቱን ሳየው ግን 9 ይላል። ሰው በአፉ ቢሳሳት ነው፣ የተጻፈው ይሻላል ብዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ብመጣ አውቶቡሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ጎህ ሲቀድ ጀምረው ነው! የእነሱ ሳአ ታቱ የእኛው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሲጽፉት ብቻ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፉታል። ጆሮዬ በትክክል የሰማውን ዓይኔ አበላሸብኝ። አንቺ እንግሊዝኛ ስለምትችዪ ያንቺ ይብሳል፤ ያው ሰውዬ በስዋሂሊ ሦስት፣ በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ይልሻል። በስዋሂሊ የነገረሽን እንዳለ ውሰጂ፤ በእንግሊዝኛ ከነገረሽ ወይም ከጻፈልሽ ስድስት ቀንሺ። ከዚያ ወደ ሰማይ አመልክተሽ ፀሐይዋ የት ስትሆን እንደሆነ ጠይቂው። እኔ ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ አምልጦኝ አያውቅም።

ናይሮቢ ሳትደርሺ ግን አንድ ነገር አለ። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት የሚያሻግርሽ ስዋሂሊም እንግሊዝኛም ሳይሆን ኦሮምኛ ነው። ቦረናዎቹ ከወዲህም ከወዲያም የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ነው፣ ገብራዎቹም እንደዚያው። ያኔ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር አስፋልት አልነበረውም፤ በከብት ጭነት መኪና አናት ላይ፣ በፖሊስ ታጅበን፣ አቧራ እየጠጣን ነበር የምንሄደው። አጠገቤ የተቀመጠች ቦረና እናት «ቢሻን» ስላት ወተትም ውሃም ሰጠችኝ፤ እስክንወርድም እንደ ልጇ ስትጠብቀኝ ነበር። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ የማውቀው ኦሮምኛ ከሃያ ቃል አይበልጥም ነበርና አፈርኩ። አንቺ ደግሞ ጎረቤትሽን ጠይቀሽ ተማሪ፤ ለናይሮቢ መንገድ ብለሽ ባይሆን እንኳ።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው። ሞያሌ ላይ ደግሞ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በተመረቀው የጋራ ጣቢያ የሁለቱ አገር የድንበር ሠራተኞች በአንድ ግቢ ነው የሚሠሩት፤ መውጫውም መግቢያውም በምትገቢበት አገር በኩል ያልቃል። ፎርሙን ስትሞዪ ስምሽንም የልደት ቀንሽንም ከፓስፖርትሽ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጪ። የኛን ዘመን በጭንቅላትሽ አስልተሽ እንዳትጽፊ። በመንገዱ ላይ ፖሊስ ደጋግሞ ያስቆማችኋል፤ በቃል መቼ ተወለድሽ ብሎ ቢጠይቅሽ በኛ አቆጣጠር ትናገሪና ከፓስፖርቱ ሰባት ስምንት ዓመት ይለያይብሻል። ያኔ ማስረዳቱ በየትኛውም ቋንቋ አይቀልም። ጣትሽን ፓስፖርቱ ላይ አድርገሽ አሳዪው። የቢጫ ወባ ካርድሽንም ከፓስፖርቱ ጋር አብረሽ ያዢው።

ብር ስትመነዝሪ ኖቱን አንድ በአንድ ገልብጠሽ እዪ። ኬንያ የድሮውን ባለ 1000 ሽልንግ በመስከረም 2012 ዓ.ም. እንዳይሠራ አድርጋ ነበር፤ እኔ ይህን ሳልሰማ ከሦስት ወር በኋላ አራቱን ተቀብዬ መጣሁ። አሁንም ቤቴ አሉ።

የምፈራልሽ ግን ቋንቋውን የማታውቂውን ሰው አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲኤሌዊ ስትዪ ውለሽ ድንገት አንዱ «እህቴ፣ ከየት ነሽ?» ብሎ በጠራ አማርኛ ቢያናግርሽ ልብሽ ቅቤ ይሆናል። አብዛኛው ደግ ሰው ነው፤ ሻይ ጋብዞ፣ መንገድ አሳይቶ ይሸኝሻል። ግን ፓስፖርትሽን ልያዝልሽ ካለ፣ ወይም ሰልፉ ረጅም ነው፣ በጓሮ ላሳልፍሽ ካለ፣ ደላላ ነው። ያ የጓሮ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ልጆቻችን የሚነዱበት ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባል ቦታ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። ከእነዚያ ስንቱ በራሱ ቋንቋ ተጠርቶ እሺ እንዳለ አስቢው። ማህተም ሳይመታልሽ አንድ እርምጃ እንዳትሄጂ።

ስንቅሽን አልነግርሽም፣ እሱን እናትሽ ታበዛዋለች። መንገድ ስታቋርጪ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዪ፤ እነሱ የሚነዱት በግራ ነው።

ያኔ የያዝኳት ትንሽ ደብተር ሳጥኔ ውስጥ አለች። ስዋሂሊውን የጻፍኩት በራሳችን ፊደል ነው፤ ቋንቋው እንደተጻፈ የሚነበብ ስለሆነ ይመቻል። ዋጋ መጠየቂያው፣ ሽንት ቤቱ፣ ውሃው፣ ቁጥሩ ሁሉ አለ። ከኋላዋ ደግሞ አሥራ አንድ ባዶ ገጽ ቀርቷታል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ መጥተሽ ውሰጃት።